የሒሳብ መምህር የተወደደባት ከተማ

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልጨርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ፣ ወደፊት ምን መማር እንደምንሻ የምንሞላበት ቅጽ ታደለንና፣ እኔ ወለላ ጥላዬ፣ ጀምበር ወደ ማዘቅዘቂያዋ ስታዘነብል፣ ያችን ነጭ ወረቀት እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ አፍጥጬ እያየሁ በአልጋዬ ጠርዝ ተቀምጬ ነበር። ወረቀቷ በማግሥቱ ትመለሳለች። ልቤ የሚሻው የሒሳብ መምህርነትን ነው። ይህንን ለአባቴ በነገርኩት ጊዜ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረው ያ ትዕግሥተኛ ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ልጄን ለጠመኔ አልድርም» አለኝ። «ሐኪም ትሆኛለሽ። እኔ በሕይወት ሳለሁ ከዚህ ቤት ሁለተኛ መምህር አይወጣም።»

ምን ይፈረድበታል? በከተማችን መምህርነት ውጤት ያልመጣለት የሚላክበት፣ የመጣለት ደግሞ በስህተት የሚገባበት ሙያ ነው፤ አከራዮች እንኳ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው መልሱን ሲሰሙ፣ ባዶ የነበረው ክፍል ድንገት ተይዞ ይገኛል። ይህን ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እነሆም በሕልሜ ከአንዲት ታላቅ ከተማ በር ላይ ቆሜ ነበር። ለሌሎች ባለ ራእዮች ባለ ክንፍ መልአክ ይላክላቸዋል፤ ለእኔ የተላከልኝ ግን ዣንጥላ በብብቱ ሸጉጦ በሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ የሚያወራ ደላላ ነበር።

«ጋሽ ድልነሳሁ እባላለሁ» አለኝ፣ ሁለቱንም ስልኮች ዘግቶ። «ነይ እንጂ እህቴ። ሰፈራችን ያለ ሒሳብ መምህር ሦስት ወሩ፤ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው።»

«ቤት የምታከራይ መስሎኝ ነበር ጋሼ።»

«ቤትማ ማንም ያገኛል። እዚህ በደላላ የሚፈለገው መምህር ነው።»

እየመራኝም ገባን። ጎዳናው ሰፊ፣ ግራና ቀኙ በጥድ የተከበበ፣ አየሩም ዝናብ እንደጠገበ ማለዳ የጠራ ነበር። በስተቀኝ መስኮቶቹ በፀሐይ የሚያብረቀርቁ፣ እንደ ቤተ መንግሥት የገዘፈ ሕንፃ አየሁ፤ ትምህርት ቤት ነው። በስተግራ ጣሪያው የሚያፈስ፣ በር የሌለው አንድ የጭቃ ቤት ቆሟል፤ ውስጡም ከረባት ያሰሩ ሰዎች ሦስት ሦስት ሆነው በየዴስኩ ተጣበው፣ አንዷን እስክሪብቶ በየተራ ይቀባበላሉ።

«እነዚህስ እነማን ናቸው?»

«ሚኒስትሮች ናቸው። በጀት ሲገኝ ደህና ቤት እንሠራላችኋለን ብለናቸዋል።»

«መቼ ነው ያላችኋቸው?»

«ሃያ ዓመት ሆነው። ታጋሾች ናቸው፤ አመስጋኞችም ናቸው።»

በአንድ ደጃፍ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ተልከው ቁጭ ብለዋል። አንደኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጃችን ሐኪም ነው» ሲሉ ሰማሁ። የልጅቷ አባትም፣ «ይሁን እንግዲህ፣ ጠባዩ ጥሩ ከሆነ እናየዋለን» አሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ወደ መምህርነት የሚላከው ማን ነው?»

«አይላክም፣ ይፈተናል። የወደቀውንም ቢሆን አንጥለውም፤ ሕክምና አለ፣ ምህንድስና አለ።»

«እኔስ ብወድቅ?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «አንቺማ ነጭ ጋዋን ያምርብሻል።»

ለፈተናው ወደዚያ ትልቅ ትምህርት ቤት ይዞኝ ሄደ። ወደ አዳራሹ ስንገባ ሕዝቡ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ መሐል ላይ እግሯ መሬት የማይነካ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደብተር ታቅፋ ተቀምጣለች። ሲፈን ትባላለች፤ ፈታኟ እሷ ነበረች። ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ እኩል ይሆናል ሁለት አምስተኛ ይላል።

«ስህተት ነው» አልኩ ፈጥኜ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጥጣ፣ «ምስኪን፣ ሐኪም ልትሆን ነው» አለች።

ጋሽ ድልነሳሁ እጅጌዬን ጎተተኝ። «ስህተት መሆኑንማ በር ላይ ያለው ዘበኛም ያውቃል። ከየት እንዳመጣችው ጠይቂያት እንጂ። አንድ ዕድል ነው የቀረሽ።»

ከልጅቷ ፊት ተንበረከክሁ። «እንዴት አድርገሽ አገኘሽው?»

«ከወንድሜ ጋር ሪጎሬ ስንመታ» አለች እግሯን እያወዛወዘች። «መጀመሪያ ሁለት መታሁ፣ አንዱ ገባ። ከዚያ ሦስት መታሁ፣ አንዱ ገባ። ስንት መታሁ?»

«አምስት።»

«ስንት ገባ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ምኑ ነው የከበደሽ?»

ሳቄ መጣ፤ ዓይኔም ተገለጠ። ልጅቷ አልቃዠችም፤ ለሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ይዛ ነው የመጣችው።

«በኳሱ ልክ ነሽ» አልኳት። «አሁን ግን አንድ ዳቦ አለ። ግማሹን ሰጠሁሽ። ከዚያው ዳቦ ሲሶውን ጨመርኩልሽ። ሁለት አምስተኛ ያልሽው ከግማሹ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

አምስት ጣቶቿን ዘርግታ ሁለቱን አጠፈች፣ አየቻቸው፣ ቅንድቧም ተሰበሰበ። «ያንሳል» አለች። «ጨምረሽልኝ እንዴት ያንሳል? ዳቦዬን ማን በላው?»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ጋሽ ድልነሳሁ ዣንጥላውን ወደ ጣሪያው ወርውሮ፣ «መምህር አገኘን» እያለ ያገኘውን ሁሉ ያቅፍ ጀመር። በዚያ ጩኸት ነቃሁ፤ ነግቷል።

አባቴ ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቹን ፈተና ያርም ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ሚኒስትሮቹ ጋ ስደርስ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ሲፈን ጋ ስደርስ ግን ሳቁ ተቋረጠ።

«ሁለት አምስተኛ» አለ። «በየዓመቱ ይመጣል፤ ከየክፍሉ አሥርም አሥራ አምስትም ልጅ። ኤክስ አድርጌ አልፋለሁ። አንዱንም ከየት አመጣኸው ብዬው አላውቅም።» ወረቀቶቹን አገላብጦ አንዷን መዘዘ። «ይኸው፣ ይቺም ብላለች።» ወረቀቷን እንደያዘ፣ «ከዚያስ ዳቦውን ምን አደረግሽው?» አለኝ።

«ሳልደርስበት ነቃሁ።»

«ስድስት ቦታ ተቆርጦ ነበር መቅረብ ያለበት፤ ለግማሹም ለሲሶውም እንዲመች።»

«ራሷ ትቁረጠው እንጂ አባዬ።»

«ትሳሳታለች።»

«ትሳሳት።»

ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። በኋላ ሰዓቱን አየና ተነሣ፤ ኤክስ ያላረፈባትን ያችን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «እስቲ ዛሬ ልጠይቃት» አለ። በሩን ከፍቶም ዞር አለ። «ቅጹን ሳትሞዪ እንዳትሄጂ።»

«ምን ብዬ ልሙላው?»

«እንዲህ የምትከራከር ሐኪም በሽተኛ ትገድላለች። የፈለግሽውን ሙዪ።»

በመጀመሪያው መስመር ላይ «የሒሳብ መምህርነት» ብዬ ጻፍሁና፣ ያየሁትን ለሚሰማኝ ሁሉ ልናገር ቆርጬ ወጣሁ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማረን ሰው «እስቲ ልጠይቃት» ያሰኘ ራእይ ለብቻ መያዝ ነውር ነውና።