የቶሎቶሎ ወርቃማ ሹካ

ሰፈሩ ሁሉ «ሠዓሊው» ይለዋል እንጂ በዕድሜው አንድም የሰው ፊት ሥሎ አያውቅም። ሥራው ብረት መቀባት ነው፤ የበር፣ የአልጋ፣ የቸርኬ፣ ከሁሉም ይበልጥ ግን የሞተር ሳይክል። ከቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት ክፍል አለችው። ግድግዳዋ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሞከራቸው ቀለሞች ተደራርበው እንደ ዛፍ ቅርፊት ወፍረዋል። ጥግ ላይ ሚስቱ የጣለችው የኤሌክትሪክ ምድጃ ቆሟል፤ ሙቀት የሚችለውን ቀለም የሚያበስለው በእሱ ነው። ሚስቱ በየጊዜው ብቅ ትልና «በእኔ እጅ እያለ ዳቦው ያርር ነበር፣ ላንተ ብረት ሲሆን እንዴት እንደሚታዘዝ» ትለዋለች።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ሞተር እየነዳች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሠዓሊው ልጅቷን አያውቃትም። ሞተሩን ግን ገና ሳይጠፋ ነው ያወቀው። የፊት ጎማውን ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ሁለቱ እግሮች፣ ማለትም ሹካው፣ ወርቃማ ነው። ዲስኩን ጨምቀው ጎማውን የሚያቆሙት ሁለቱ የፍሬን ካሊፐሮችም ወርቃማ ናቸው። የገዛ እጁ ሥራ ስለሆነ፣ በቀኝ በኩል ባለው ካሊፐር ጫፍ ላይ ስትንጠባጠብ ያመለጠችውን የቀለም ጠብታ እንኳ አልረሳትም።

«የቶሎቶሎ ሞተር አይደለም እንዴ?» አላት።

ልጅቷ ግራ ገባት። የወንድሟ ነው፤ እንዲህ ተብሎ ሲጠራ ግን ሰምታ አታውቅም።

ስሙን ያወጣለት ሠዓሊው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ወንድሟ ሞተሩን ይዞ መጥቶ ሥራው አራት ቀን ሲፈጅ አራቱንም ቀን ከሥራ በኋላ እየመጣ አጠገቡ ተቀምጧል። ቁጭ ማለት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። ቀለሙ ገና ከመረጨቱ «ደረቀ?» ይላል፤ ወጣ ብሎ ይመለስና ደግሞ «አሁንስ?» ይላል። ሠዓሊው በመጨረሻ ቢቸግረው «አንተ ልጅ፣ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ሲባል አልሰማህም?» አለው። ልጁ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ቶሎቶሎ ሆኖ ቀረ።

ለምን ወርቃማ እንደመረጠም ነግሮታል። ሠዓሊው ለወጣት ልጅ ይህ ቀለም ጉራ ነው ብሎ ነካ አድርጎት ነበር። ልጁ ግን ሳቁን ትቶ በቁም ነገር መለሰለት። የእናቱን ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው፤ የሰው መልክ አትለይም፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ግን አይሰወራትም። እሱ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ሲወጣና ሲወርድ የሚውለው ምሰሶ ላይ ስለሆነ፣ እናቱ እሱ እስኪመለስ ድረስ ከመስኮት አትነሳም። መንገዱ የውሃ ታንከሩ ጋ ሲታጠፍ የማታዋ ፀሐይ ሞተሩን ፊት ለፊት ትመታዋለች። «እዚያ ጋ ስደርስ ካየችኝ እቤት እስክገባ ያለችውን ጭንቀት እንኳ ትገላገላለች» አለ። ሠዓሊው ይህን ሲሰማ፣ ሁለት ጊዜ ሊቀባው ያሰበውን አራት ጊዜ ቀባው።

አሁን ልጁ የለም። ከስምንት ወር በፊት ተቋርጧል የተባለው መብራት ሳይቋረጥ ቀርቶ ምሰሶው ላይ እንዳለ ያዘው። ሠዓሊው ወሬውን የሰማው ከተቀበረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለነበር፣ ቤቱንም ስለማያውቀው፣ ሄዶ እንኳ አላስተዛዘነም። ይህንኑ ለእህቱ እየነገረ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም።

እህትየዋ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ትጠርዛለች። ለአውቶቡስ ሁለት ሰዓት መሰለፍ ሲያንገፈግፋት የወንድሟን ሞተር መንዳት ተማረች። የመጣችበትን ጉዳይ ቀጥታ ተናገረች፤ ሹካውና ካሊፐሮቹ ጥቁር እንዲሆኑላት ትፈልጋለች።

«ቀለሙ አስጠልቶኝ አይደለም ጋሼ» አለች። «እናቴ ማታ ማታ ታንከሩ ጋ ስታጠፍ ወርቁን ታየዋለች። ብድግ ብላ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች ወርዳ በሩን ትከፍታለች። ስደርስ ፊቴን በእጇ ትነካና ‹አንቺ ነሽ?› ትለኛለች። አንድ ቀን ሁለት ቀን ቢሆን እችለው ነበር። በየቀኑ መርዶ ነጋሪ ሆንኩ እኮ።»

ሠዓሊው አፉን ከፍቶ ነበር። ወርቁ ለማን ተብሎ እንደተቀባ ሊነግራት ነበር። ልጅቷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጎን ዞር ስትል አየና ተወው። በራሷ ላይ የተሸከመችው ይበቃታል፣ ይህን ደግሞ ምን ብዬ ልጨምርባት አለ። ዝም አይነቅዝም ብሎም ራሱን አጽናና። ቅዳሜ ነይና ውሰጂው አላት።

ሥራውን በማግሥቱ ጀመረ። የፊቱን ጎማ አወጣ፣ ካሊፐሮቹን ፈታ፣ የሹካውን እግሮች ከነዘይታቸው አውርዶ ዘይቱን በቆርቆሮ ገለበጠ። ከዚያ ቀለም ማስለቀቂያውን በቡሩሽ ለቀለቃቸው። ሌላ ጊዜ አሮጌ ቀለም ሲነሳለት ደስ ይለዋል፤ ብረቱ ገላውን እንደታጠበ ሰው ይመስለዋል። የዛሬው ግን ሌላ ሆነበት። አራት ጊዜ የተደራረበው ወርቅ በቀላሉ አልለቅም አለ። ያብጣል፣ ይጨማደዳል፣ ሲፋቅ ደግሞ በቁራጭ በቁራጭ ይነሳል። ጥሩ አድርጎ መሥራቱ ያስቆጨው ያን ቀን ብቻ ነው። የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው። በመጨረሻ ነጭ ብረት ብቻ ቀረ። ጋዜጣው ላይ የተጠራቀመውን የወርቅ ብናኝ ጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረው።

ካሊፐሮቹን ሲቀባ ይበልጥ ተጠነቀቀ። ፒስተኖቹ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች በጎማ ደፈነ፤ ቀለም ከገባባቸው ፍሬኑ ይነክሳል ወይም እንቢ ይላል። ጥቁሩን ሦስት ጊዜ ረጭቶ ምድጃው ውስጥ አበሰላቸው። ገጥሞ፣ የፍሬኑን ዘይት ሞልቶ፣ አየሩን አስወጥቶ ሲጨርስ ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣ መሰለ። ልጅቷ ቅዳሜ መጥታ አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ አመስግናው ሄደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናትና ልጅ በሞተሩ መጥተው ተደጋግፈው ገቡ። እናትየዋ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው ላይ ሞራው እንደ ወተት ጠብታ ይታያል። ሠዓሊው አንዷን ወንበሩን ጠርጎ አስቀመጣቸው።

ነገሩን ያስረዳችው ልጅቷ ናት። የመጀመሪያው ቀን እናቷ አልተነሱም፤ በሩን ራሷ ከፍታ ስትገባ ተመስገን አለች። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሳምንቱ ግን እናቷ ወንበራቸውን ከመስኮቱ አንስተው ወደ ግድግዳው አዞሩት። ምግብ ቀመስ አድርገው ይመልሳሉ። አንድ ቀን «ሞተሩን ሸጥሽው?» ብለው ጠየቋት። እሷም መዋሸት አቅቷት ቀለሙን እንዳስቀየረች ነገረቻቸው። አልተቆጡም፤ ብቻ የቀባው ሰው ጋ ውሰጂኝ አሉ።

«ወንድሜ» አሉ እናትየዋ፣ «ያኔ ወርቁን ሲያስቀባ ምን ብሎ ነበር?»

ሠዓሊው ልጅቷን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ሁሉንም ተናገረ፤ ታንከሩን፣ ፀሐይዋን፣ ምሰሶውን፣ «ካየችኝ ትገላገላለች» ያለውንም።

ልጅቷ ቀስ ብላ «ስመጣ ይህን ያውቁ ነበር?» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልብሽን እንዳላከብደው ብዬ ነው ልጄ።»

«አሁን ቀለለልኝ?» አለችና ወጣች። ሞተሩ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች።

ሠዓሊው የሚገባበት ጠፋው። በሦስት ቀን ውስጥ እንደ ድሮው ወርቃማ አድርጌ እመልሰዋለሁ፣ ሠርቼ እቤታችሁ ድረስ አመጣዋለሁ አለ። እናትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱ እንዳልሆነ አውቅ ነበር እኮ» አሉ። «አልጃጀሁም። የቀበርኩትን ልጅ በሞተር ይመጣል አልልም። ግን ከታንከሩ እስከ በሩ ድረስ ባለችው መንገድ፣ ለዚያች ያህል፣ ልጄ እየመጣ ነበር። ያችው ትበቃኝ ነበር።»

«ታዲያ ልመልሰው።»

«አይሆንም። የሞተችዋን ደስታዬን ስጠብቅ በሕይወት ያለችውን ልጄን ስንትና ስንት ወር ‹አንቺ ነሽ?› እያልኩ ተቀበልኳት። ፊቷ በእጄ ውስጥ ሲወድቅ ይታወቀኝ ነበር። ይታወቀኝ ነበር፣ አልተውኩም።» ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። «ጥቁሩ የእሷ ነው። እንዳለ ይሁን።»

ሊሄዱ ሲነሱ፣ ልጃቸው እዚህ የተቀመጠው የት ጋ እንደነበር ጠየቁት። በተገለበጠ የቀለም ጣሳ ላይ ነበር። ሠዓሊው ቦታውን በእጃቸው አስነካቸው።

ከዚያ ወዲህ እናትየዋ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ። ልጅቷ ከምሳ በኋላ ወደ ሥራ ስትመለስ በሞተሩ አፈናጣ ታመጣቸዋለች። ለሠዓሊው ከበር ሆና እጇን ታነሳለታለች፤ ገብታ ግን አትቀመጥም። ወቀሳዋን ልክ ነው ብሎ ተቀብሎታል፤ አንድ ቀን ይቅርታ ሊላት ይፈልጋል፣ ሞተሩ ግን ሁልጊዜ እንደተነሳ ነው።

እናትየዋ ብዙ አያወሩም። እሱ ብረቱን እያሸ ስለ ልጃቸው እንዲያወራላቸው ነው የሚመጡት። ሠዓሊውም ያወራል፤ «ደረቀ?» እያለ እንዴት እንዳሰለቸው፣ የቀለም ጣሳ ረግጦ አንድ እግሩ ቀይ ሆኖ እንዴት እንደሄደ፣ የሚስቱን ምድጃ ልጠግን ብሎ እንዴት የባሰውን እንዳበላሸው። እናትየዋ በቦታው በቦታው ይስቃሉ፤ አንዳንዴም ሳይጨርሰው ቀድመው ይጨርሱለታል።

ችግሩ ሠዓሊው ልጁን የሚያውቀው አራት ቀን ብቻ መሆኑ ነው። አራት ቀን ስንት ጊዜ ይወራል? በሁለት ወር ውስጥ ያለውን ሁሉ አሟጠጠ። አንድ ማክሰኞ እናትየዋ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ደክመው መጥተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ሲጠብቁት፣ ጨነቀውና ያልነበረ ነገር ጀመረ። ልጁ አንድ ቀን ዝናብ ይዞት እዚሁ ቆርቆሮ ሥር ተጠልሎ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ቁጭ ብሎ፣ አርፎ፣ ዝም ብሎ ውጭውን ሲያይ እንደነበር አወራላቸው።

እናትየዋ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ ብርጭቆ ወረቀቱን የያዘውን እጁን ፈልገው ያዙት።

«ይሄኛው የእሱ አይደለም» አሉት፣ ቅር ሳይላቸው። «እሱ ዝናብ አያስቀምጠውም። ግን ይቀጥሉ ወንድሜ።»

ሠዓሊውም ቀጠለ።