ስድስተኛው ወንበር

የድጋፍ ክፍሉ ድሮ የተሰባበሩ ዴስኮች የሚጣሉበት መጋዘን ነበር። የፌዴራል ድጋፍ ሲመጣ ዴስኮቹ ወጡ፣ ግድግዳው ተቀባ፣ መብራት ገባ፣ አንድ ክብ ጠረጴዛና ስድስት ትናንሽ ወንበሮች ተገዙ፤ መደርደሪያውም ሰው ባልገለጣቸው አዳዲስ መጻሕፍት ተሞላ። ከዚያ ዕቃው ሁሉ ላይ ወረቀት ተለጠፈበት። «የፌዴራል ድጋፍ፤ ከክፍሉ አይወጣም» ይላል። ወንበሩ ላይ አለ፣ መጥረጊያው ላይ አለ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ላይ ሳይቀር አለ፤ የቆሻሻ ቅርጫት የሚመኝ ሌባ ካለ እንግዲህ ይጠንቀቅ። ርዕሰ መምህሩ ጨዋታ አዋቂ ነውና እንግዳ በመጣ ቁጥር «መምህርቷ ላይ ያልለጠፍነው ወረቀቱ አልቆብን ነው» እያለ ያስቃል። መምህርቷም አብራ ትስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን ፈገግ የምትለው ሰውየው እንዳይቀየማት ብላ ነው።

ዘንድሮ ታላቅ እህቷ ሞታባታለች፤ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው። እህትየው ልብስ ሰፊ ነበረች። ታናሿን ያስተማረቻት፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃቻት በዚያች የስፌት መኪናዋ ነው። ሰው ሁሉ መምህርቷ ታብዳለች ብሎ ሲፈራ እሷ አንዲት እንባ እንኳ ጠብ አላላትም። በቀብሩ ዕለት ወንበር ስታቀርብ፣ ሰው ስታስተናግድ ዋለች። በሳምንቱ ሥራ ገባች። እንዴት ነሽ ሲሏት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ውሸቷንም አልነበረም። የሚያማት ነገር የለም፣ የሚጥማትም ነገር የለም። አንድ ቀን መሳቢያው ጣቷን ቀርጥፎ ያዘውና ጣቷ ሲያብጥ የሌላ ሰው ጣት እንደምታይ ቆማ ተመለከተችው። ያን ዕለት ራሷን ትንሽ ፈራች፤ ከዚያ መፍራቱንም ተወችው።

ሥራዋን ግን አላጓደለችም። ድጋፉ ሕግ አለው። ተጨማሪ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን ይላል፤ ልጆቹ ከመደበኛው የንባብ ትምህርት ተነስተው መምጣት አይችሉም። ስለዚህ ከሁለተኛ ክፍል ስድስት ልጆች የሚጠሩት የሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ነው። የሚመረጡትም ችግረኛ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ችግረኛ ቢባልማ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተግተልትሎ በመጣ ነበር። ዓመቱ ሲጀመር አንድ በአንድ እየተጠሩ ንባብ ይፈተናሉ፣ ከሁሉም ያነሱት ስድስቱ ይገባሉ። በመደበኛው ክፍል ሰባ ልጅ ለአንድ አስተማሪ፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ ነው። እዚህ ግን ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ጣታቸውን ይከተልላቸዋል።

ስድስተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ትልቋ መንታ ናት። መንትዮቹ ክፍላቸው አንድ፣ ዴስካቸው አንድ ነው። የሆቴል አንሶላ የምታጥበው እናታቸው ራሷ «ፊታቸውን ካዞሩ ይምታቱብኛል» ትላለች። ቀድማ የተወለደችው ትልቋ፣ ተከትላ የመጣችው ትንሿ ተብለው በዚያው ቀሩ። ፈተናው ላይ ትንሿ ጥሩ አነበበች፤ ትልቋ ወደቀች። ትልቋም ወደ ድጋፍ ክፍል ገባች።

የልጅቷ አለማወቅ ግን ግራ ያጋባ ነበር። መምህርቷ አጠገቧ ስትቀመጥ ትንተባተባለች፣ ፊደል ትስታለች፤ የምትስተውም ሁልጊዜ የቃሉን መጨረሻ ነው፣ አታዛንፍም። ከአጠገቧ ሲነሱ ደግሞ መጽሐፉ ላይ ድፍት ብላ ትቀራለች። መምህርቷ በደህናው ጊዜ ቢሆን በሁለተኛው ቀን ትነቃባት ነበር፤ እንኳን በይቺ በስንቱ አታላይ የነቃች ሴት ናት። ዘንድሮ ግን ዓይኗ ያያል፣ ያየውን የሚቀበለው የለም።

የነቃችባት በፍየሏ ታሪክ ነው። ታሪኩ ላይ አንዲት ፍየል የትምህርት ቤቱን የደወል ገመድ በልታ ደዋዩ የሚደውልበት ያጣል፣ ትምህርቱም አላልቅ ይላል። አምስቱ ልጆች ገና ከመጀመሪያው መስመር ጋር ግብግብ ላይ ሳሉ ትልቋ መንታ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው አፏን በእጇ ከደነች። መምህርቷ ዓይኗን ተከትላ ብታይ ልጅቷ ያለችው ከገጹ ግርጌ ነው፤ ፍየሏ ርዕሰ መምህሩን ይቅርታ ጠይቃ ስታበቃ ባርኔጣውን የምትበላበት ቦታ። እዚያ ሥዕል የለም። ሳቁ ከፊደሉ በቀር ከየትም ሊመጣ አይችልም።

ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረቻት።

«የሳቅሽበትን አንብቢልኝ» አለቻት።

ልጅቷ መምህርቷን አየት፣ መጽሐፉን አየት አደረገች። አምልጣ የምትሄድበት እንደሌለ ሲገባት አነበበች፤ ገጹን እንደ ውሃ ጠጣችው፣ የፍየሏንም ድምፅ አስመስላ ጨመረችበት።

«ታዲያ ፈተናው ላይ ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔ አይደለሁማ።»

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። በፈተናው ቀን ትንሿ ሆዷን ቁርጠት ይዟት አልገባም ብላ አለቀሰች። ትልቋም አይዞሽ፣ ስምሽ ሲጠራ እኔ እገባልሻለሁ አለቻት። ትንሿ ትግባ ሲባል ትልቋ ገብታ ልቅም አድርጋ አነበበችላት። ሁለቱም ተደሰቱ። ከዚያ ፈታኟ ብቅ ብላ «ትልቋ ትግባ» አለች። ይህን አላሰቡትም ነበር። ቀድማ የገባችው ደግማ ብትገባ ሊታወቅባቸው ሆነ፤ ትንሿ በእህቷ ስም እየተንቀጠቀጠች ገባች፣ አንድ መስመር ሳትጨርስ ወጣች። እህቷን አስመርጣ፣ እሷ ማንበብ ትችላለች ተብላ በሰባው ልጅ መሃል ተቀበረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይቆጡኛል ብዬ ነዋ።» ደግሞም ወደ መደርደሪያው እያየች «እዚህ መጽሐፍ አለ» አለች። «ቤት ስገባ እዚህ ያሉንን ሁሉ ለሷ እነግራታለሁ። እኔ ስነግራት ግን አይገባትም። እቆጣታለሁ፣ ታለቅሳለች።»

መምህርቷ ነገሩን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባች። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«በይ ሳይሰማ እንጨርሰው» አላት። «ለበላይ ካሳወቅን ፈተናው ሁሉ ይጣራ ይላሉ። እስኪጣራ ድጋፉ ይታገዳል፣ ያኔ ሌሎቹም አምስቱ አብረው ይበተናሉ። ትልቋ ተብሎ ሲጠራ ትንሿ ትነሳና ትምጣ። እናታቸው ያልለየቻቸውን ማን ይለያቸዋል?»

«ሁለቱም ቢመጡስ? ወንበሩን እኔ ከሌላ ክፍል አመጣለሁ።»

«የሚችል ልጅ እኮ አይፈቀድም እህቴ። ድንገት ሊጎበኙን ቢመጡ፣ ሰባተኛዋ ማናት ቢሉኝ ምን ልመልስ?»

«መጽሐፍ እንኳ እየወሰደች ብትመልስ?»

ርዕሰ መምህሩ በመዳፉ አየሩ ላይ «አይወጣም» የሚለውን ወረቀት ለጠፈ። ቀልዱ ግን ለራሱም አልጣመውም። «ሕጉን እኔ አላወጣሁት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የተቸገረው ይቅደም ነው ነገሩ። እሷ ደግሞ ከእህቷ ትሻላለች።»

ክፉ ሰው አይደለም። መምህርቷም ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቺን ወሬ ሰምታ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም፤ ለአንድ ጠመኔ እንኳ ጠረጴዛ የምትደበድብ፣ ሰውየው መንገድ ላይ ሲያያት መንገድ የሚቀይርላት ተከራካሪ ነበረች። አሁን ግን «እሺ» ብላ ወጣች። የደነዘዘ ሠራተኛ ለአለቃ ምንኛ ይመቻል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልጆቹ ከሰልፍ ሲበተኑ፣ ትልቋን ኮሪደሩ ላይ ለብቻ ጠራቻት።

«ከዛሬ ጀምሮ ስትጠሪ እህትሽ ትምጣ። አንቺ እዚያው ቁጭ በይ። ለማንም አትንገሩ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ትችያለሽ።»

ልጅቷ ጣቶቿን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሰበሰበች። «ሰማያዊውን መጽሐፍ ጨርሼ ብወጣስ? ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«አይሆንም የኔ ልጅ።»

«እሺ» አለች።

አልተነጫነጨችም፣ ዓይኗም እንባ አላቀረረም። ወደ ክፍሏ ሄደች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ተገፋፍተው የሚገቡትን አሳልፋ መጨረሻ ገባች። መምህርቷ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ በማለቁ ደስ ይለኝ ይሆን ብላ ጠበቀች። ደስ አላላትም፣ አልከፋትምም። ሄዳ የክፍሏን መስኮት ከፈተች፣ መጻሕፍቱን በየመልካቸው ደረደረች።

የሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ትንሿ መጣች። ከአምስቱ ኋላ ኋላ እያለች ገብታ የት እንደምትቀመጥ ሳትጠይቅ ስድስተኛው ወንበር ላይ ጫፉን ይዛ ተቀመጠች፤ ቦታው እንደተነገራት ያስታውቃል። አምስቱ ልጆች ሰው መቀየሩን ከነመፈጠሩም አላወቁም። መምህርቷ አጠገቧ ተቀምጣ መጽሐፍ ገለጠችላት። ልጅቷ በእውነት አትችልም ነበር። ጣቷን ፊደሉ ላይ ተክላ ትጫነዋለች፣ ፊደሉ ተጨንቆ ስሙን ይነግራት ይመስል። ስትስትም እንደ እህቷ በዘዴ አይደለም፤ መሃሉንም ዳሩንም እንዳገኘች ትስታለች፣ ከዚያ አንገቷን ትሰብራለች።

«ቀስ በይ። ማንም አይቸኩልም» አለቻት መምህርቷ። ይህን ለሁሉም ነው የምትለው። «እዚህ የሚቆጣሽ የለም።»

ልጅቷ ትንሽ ቀና አለች። አንድ ቃል ያዘች። እየጎተተች ሌላም ደገመች። ሁለቱን አገናኝታ ስትላቸው ፊቷ ወገግ አለ፣ ወንበሩም ላይ ደህና አድርጋ ተደላደለች። መምህርቷ ይህ የሥራዋ ትልቁ ደስታ እንደነበር ታውቃለች፤ ሰው የድሮ አድራሻውን እንደሚያውቀው ነው የምታውቀው።

«ጎበዝ። እህትሽስ? አዝናለች?» አለቻት። የጠየቀችው ለወጉ ያህል ነበር።

«አላዘነችም» አለች ትንሿ። «እዚህ ስልችት ብሏት እንደነበር ነገረችኝ። መጽሐፍ ድሮም አልወድም አለች። ሥዕል ይሻለኛል፣ አንቺ ሂጂ አለችኝ።»

የመምህርቷ እጅ መጽሐፉ ላይ ቆመ።

የራሷም እህት እንዲሁ ትል ነበር። አባታቸው ሞቶ ቤቱ ሁለት ልጅ ማስተማር ሲያቅተው፣ እኔ እተዋለሁ፣ ትምህርት ድሮም ጠላቴ ነው ያለችው እህቷ ነበረች። ዕድሜ ልኳን እንዲሁ አለች። ጎረቤት ሲሰበሰብ «ይቺ ፊደሉን ትጠብቅ፣ እኔ መርፌዬን» ትልና ታስቃለች። መምህርቷም አብራ ስቃለች፣ አምናለች፣ ማመኑም ተመችቷታል። ቀብሩ ዕለት ሳይቀር ሰው ለማጽናናት ብላ ይህንኑ ተርካ ነበር፤ እህቴ እኮ ትምህርት የሚባል ነገር አትወድም ነበር ብላ። መምህርቷ ተማሪ ሳለች ግን አዲስ መጽሐፍ በተሰጣት ቁጥር እህቷ «ወዲህ በይ፣ እንዳይቆሽሽ ልሸፍንልሽ» ትልና ትወስደዋለች። መጽሐፍ በወረቀት መሸፈን ለልብስ ሰፊ የስንት ደቂቃ ሥራ ነው? እህቷ ግን አንዱን መጽሐፍ ሳምንት ትይዘው ነበር። መምህርቷ ቶሎ አልሸፈንሽልኝም እያለች ትነዘንዛት ነበር። እህቷም «እሺ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» ትላታለች።

ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተላቀቀና አመማት። እንደዚያ ማመም ይችላል ብላ አላሰበችም ነበር። ቀጥዪ በማለት ፈንታ ደረቷን በመዳፏ ያዘች። አምስቱ ልጆች አንድ በአንድ ማንበባቸውን አቁመው አዩዋት።

«ቲቸር፣ አጠፋሁ?» አለች ትንሿ።

«አላጠፋሽም።» ድምፅዋ የራሷ አልመስላት አለ። «እህትሽ ግን ውሸቷን ነው። መጽሐፍ ትወዳለች።»

«አውቃለሁ» አለች ትንሿ፣ ጣቷን ከቃሉ ላይ ሳታነሳ።

መምህርቷ ይህን የሰባት ዓመት ልጅ መልስ ሰምታ፣ እዚያው ትንሹ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች፣ በስድስት ልጆች ፊት ለእህቷ አለቀሰች።