ሦስት የሰው ምስክር

ለጦር ጉዳተኞች የመስሚያ መሣሪያ በነጻ እንደሚታደል ልብስ ሰፊዋ የሰማችው ከሬዲዮ ነው። ባሏ ሃምሳ አለቃም አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ እሱ ግን አልሰማም። ቢሰማማ መሣሪያው ምን ያደርግለታል?

ጆሮውን የወሰደው ምሽጉ ላይ የወደቀ መድፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ የሚያወሩት በልጆች ጥቁር ሰሌዳ ነው። እሷ በጠመኔ ትጽፋለች፤ እሱ አንብቦ ሰፈሩን በሚያናውጥ ድምፅ ይመልሳል። ሲጣሉ እንኳ ለጎረቤት የሚደርሰው የጠቡ ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ጎረቤት ራሱ ይሞላዋል፣ አሳምሮ።

ዘንድሮ ግን መርፌ ሲመጠው የኖረው ዓይኗ ከዳት። ሐኪሙ «እማማ፣ ዓመት ቢቆይልዎት ነው» አላት። ፊደሎቿ ከወዲሁ አንዱ ባንዱ ላይ መውጣት ጀምረዋል፤ ሃምሳ አለቃ ሰሌዳውን እያዟዟረ ያነባል። ዓይኗ ጨርሶ ከጠፋ እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች፤ የምትመልስበት ግን አይኖራትም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሰሌዳውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የባሏን እጅ ይዛ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደች።

«መረጃ» የሚል መስኮት ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ መረጃ አልነበረውም። ወደ ሁለተኛ ፎቅ ላካቸው። ሁለተኛ ፎቅ «ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ ውረዱና አንብቡ» አላቸው። እውነትም ተለጥፏል፤ ሌላ ማስታወቂያ ደግሞ ከላዩ ተለጥፎበታል። በሦስተኛው ቀን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አዘነችላቸውና ማህደሩን አገላበጠች።

«እናቴ፣ እዚህ ላይ ማገልገላቸውን እንጂ መጎዳታቸውን አይልም። መድፉ ሲወድቅ አብረዋቸው የነበሩ ሦስት የሰው ምስክር ያምጡ።»

ልብስ ሰፊዋ ጻፈችለት። ሃምሳ አለቃ አነበበ።

«አራት ነበሩ!» ሲል ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ዞረ። «አራቱም እዚያው ቀሩ!»

በር ላይ «አይቻለሁ» የሚሉት ሰው ይጠብቃል። ያልተገኘበት አደጋ፣ ያልዘመተበት ጦርነት የለም፤ ግማሾቹ እሱ ከመወለዱ በፊት የተደረጉ ናቸው።

«እማማ፣ እኔና ሁለት ባልንጀሮቼ አለን። የት እንደነበርን ብቻ ይንገሩን።»

«ምን ልትጠይቀኝ ነው?»

«የኮቴን ገበር ይስፉልኝ፣ በቃ።»

እሺ አለች። ለባሏ ግን አልጻፈችለትም።

በማግስቱ ሦስቱ ምስክሮች ተሰልፈው ገቡ። ሠራተኛዋ የትናንቱን እንዳልሰማች ሆና ቅጹን ሞላች፤ ለሃምሳ አለቃ እስክሪብቶ ተሰጠው። ሰሌዳው «ፈርም» ብቻ ይላል። እሱ ግን መንግሥት የሰጠውን ወረቀት ሳያነብ ፈርሞ አያውቅም። አነበበና ቀና ብሎ አይቻለሁን አየው።

«ምሽጉ ውስጥ የት ነበርክ?»

«በስተቀኛቸው» አለ አይቻለሁ፣ ሳይጨነቅ።

ሃምሳ አለቃ ወደ ሚስቱ ዞረ። መልሱን የምትጽፍለት እሷ ናት። ጠመኔው እጇ ላይ ከበዳት። «በቀኝህ» ብላ ጻፈች፤ ዘንድሮ እንደዚህ አጥርታ ጽፋ አታውቅም። ሰሌዳውን ማዟዟር አላስፈለገውም።

«በቀኜ የነበረው አንድ ምልምል ነው» አለ። ድምፁ ዝቅ ሲል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። «ጫማው ጠብቦት እግሩ ቆስሎ ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት ተለዋወጥን። የሞተው በእኔ ጫማ ነው።» ከዚያ እጁን ወደ አይቻለሁ ዘረጋ። «አንተ ከሆንክ እንግዲህ፣ ጫማዬን መልስልኝ።»

አይቻለሁ ጎንበስ ብሎ የገዛ ጫማውን አየ። «እኔ… አላየሁም» አለና ባልንጀሮቹን አስከትሎ ወጣ። ሠራተኛዋ ማህደሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሰሌዳው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ሁለቱም ልመለስ አላሉም።

ቤት ገብተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የባሏን መዳፍ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ዓይኗን ጨፈነች፤ መልመዱ አይቀርም። በሌባ ጣቷ፣ አንድ ፊደል፣ ቀጥሎ ሌላ ፊደል፣ «ይቅር በለኝ» ብላ ጻፈችበት።

ሃምሳ አለቃ ምንም ያልተጻፈበትን መዳፉን ትክ ብሎ አየው።

«ከ‹ይ› ቀጥሎ ጠፋኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። «ድገሚው!»

ከ‹ይ› ጀመረች።