ጋሽ ገብረ መድህን የመረቁት መንገድ

ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ቀስ ብሎ ማውራት አይችልም። ባሌ ጉደታ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ቀለሟ፣ አንቺ በጆሮዬ ስታንሾካሹኪ በቆጂ ድረስ ይሰማል» ይለኝ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ድምፅ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሲፈለግ የት ገባ? እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰላ የሚቀጥሉትን ዓመታት የምትመራበት ፕላን እየተሠራ ነውና ነዋሪው ሐሳቡን ይስጥ ተብሎ ተጠራን። በፕላኑ ላይ የእኛ ሰፈር ጠባብ መንገድ ሰፍቶ አስፋልት ይሆናል። መስፋቱን ማን ይጠላል? ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ጫማ የሚያስወልቀን እኛን ነው። ግን የሚሰፋው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ እሱም በእኔ በኩል። ፕላኑ ላይ የተሰመረችው ቀይ መስመር ወፍጮ ቤቴን ከነሚዛኑ ትበላዋለች። ከማዶ ያለው የጋሽ ገብረ መድህን ግቢ ግን አንዲት ጥድ እንኳ አይነካበትም። ለእኔ ምትክ ቦታ ይሰጥሻል አሉኝ፤ ከከተማ ወጥቶ ስንዴ ማሳ መሀል፣ የመብራት ፖል በሌለበት። መብራት የሌለው ወፍጮ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ ልጄን ፈናንን ዩኒቨርሲቲ አያስተምርልኝም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ገና ከመቀመጤ እጄን አነሳሁ። አንዱ ተነስቶ ልማቱን እንደሚደግፍ ተናገረ። ሌላው ተነስቶ፣ ከእሱ በፊት የተናገሩት እንዳሉት፣ ልማቱን እንደሚደግፍ ተናገረ። አንዷ ስለ ውኃ አነሳች፣ አንዱ ስለ ቱቦ፣ አንዱ ደግሞ ስለ ጎረቤቱ ውሻ። ማይኩ በፊቴ አለፈ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አለፈ። እኔ ወንበሩ ላይ እቁነጠነጣለሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት «ምን ነክሶሽ ነው?» አለችኝ። እጄ ሲዝል በሌላኛው እጄ ደገፍኩት።

ሰብሳቢው ቦንሳ ነው። እናቱ እኔ ዘንድ ስታስፈጭ ጆንያ ላይ ይተኛ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ኮት ለብሷል። ሰዓቱን አየና «ለዛሬ በቂ ሐሳብ አግኝተናል፤ ጋሽ ገብረ መድህን ይመርቁንና እንለያይ» አለ።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ማወቅ ነው። ሽማግሌ ለምርቃት ከተነሳ አፍ የሚከፈተው አሜን ለማለት ብቻ ነው። ከምርቃት በኋላ ነገር ማንሳት ነውር ነው፤ የተመረቀ ነገር አለቀ ማለት ነው። ጋሽ ገብረ መድህን ደግሞ የሰፈሩ መራቂ ናቸው። ሰርግ ላይ እሳቸው፣ እርቅ ላይ እሳቸው። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ሲጨርሱ ሁለቱም እኩል ያምርባቸዋል። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና «ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ» አሉ። አዳራሹ ሙሉ መዳፍ ተዘረጋ። የእኔም እጅ፣ ያ ለጥያቄ ተቀስሮ የቆየው፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ወርዶ ተዘረጋ። አሜን አልኩ። ያውም በዚህ ድምፄ፣ ከሁሉም በላይ።

ስንወጣ ቦንሳን በር ላይ ያዝኩት። «እኔ እኮ አልተናገርኩም» አልኩት።

«እትዬ ቀለሟ፣ አሜን ሲሉ በጆሮዬ ሰምቼዎታለሁ» አለኝ እየሳቀ። «ነዋሪው ተቀብሎታል። ቅዳሜ ማጠቃለያው ነው፣ ከዚያ ይጸድቃል።»

ያን ሳምንት እኔን አያድርጋችሁ። ለእንጀራ የመጣውን እህል ቂንጬ አስመስዬ ፈጨሁት። ደንበኛ ስትቆጣኝ እኔ ብሼ ጠበቅኋት። ጎረቤቶቼ «ተይው ባክሽ፣ ዝም አይነቅዝም» ይሉኛል። ወፍጮ ቤት ቆመው አያውቁም እንጂ፣ ስንዴ የሚነቅዘው ዝም ብሎ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መንገዱን ተሻግሬ ጋሽ ገብረ መድህን ግቢ ገባሁ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አብረው ከተከሉት ጥድ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ቀለሟ፣ ደህና አደርሽ?» አሉ፣ ገና የአጥሩን በር ስገፋ። «ዛሬ የሞተርሽ ቺንጋ ላልቷል መሰለኝ፤ ድምፁ ልክ አይደለም።»

«የሞተሩን ይተዉት ጋሼ» አልኳቸው። «ቅዳሜ እንዳይመርቁ ልለምንዎት ነው የመጣሁት።»

«ምርቃት ተለምኖ እንዴት ይከለከላል፣ ልጄ?»

ደሜ ፈላ። «ባለፈው የመረቁት እኮ የእኔ ወፍጮ ቤት እንዲፈርስ ነው።»

«የማን ወፍጮ ቤት?»

«አሁን የማያውቁ ይመስል። መስመሩ የእኔን በልቶ የእርስዎን አጥር ሲምር፣ ፕላኑን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ሰው ሁሉ እያየው።»

«እኔ የማየው ነጭ ግድግዳ ነው» አሉ። «ዓይኔን ጉም ከሸፈነው ቆይቷል። ሰው እንዲያዝንልኝ ስላልፈለግሁ ነው ያላወራሁት።»

አላመንኳቸውም። በየጠዋቱ ከማዶ ሆነው በስሜ የሚጠሩኝ ሰው አላይም ቢሉ ማን ያምናል? ንዴቴ አፌን ቀደመውና «የሚፈርሰው የእርስዎ ቤት ቢሆን ኖሮ ይመርቁ ነበር?» አልኳቸው። መልሳቸውን ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ኢንጂነር ራሄል ፕላኑን ግድግዳው ላይ አብርታ ማስረዳት ጀመረች። የእኛ መንገድ ላይ ስትደርስ እጄን አላነሳሁም፤ እጅ ማንሳት ምን እንደሚሠራልኝ አይቻለሁ። ብድግ አልኩ። ማይኩንም አልጠበቅኩም፣ ማይክ ለእኔ ምን ያደርግልኛል።

«እኔ ቀለሟ እባላለሁ፣ ይቺ መስመር የምትበላው ወፍጮ የእኔ ነው። ባለፈው አሜን ያልኩት ለሽማግሌ ክብር ነው፤ ለመስመሩ አይደለም። ወፍጮዬ ከተነሳ እኔም ልጄም ተነሳን። መንገዱ መስፋት ካለበት ከማዶ ይወሰድ።»

ተናግሬ ስጨርስ ደረቴ ቀለለኝ። ውሸት አልናገርም፣ ደስ አለኝ።

«ማዶው የማን ይዞታ ነው?» አለች ራሄል። ቦንሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ገብረ መድህን ከጥግ። ተነሱ። ከዘራቸው የፊታቸውን ወንበር እግር ነካ፣ ከዚያ ወለሉን፣ ከዚያ ግድግዳውን። ራሄል ከፊታቸው ቆማ እያለች እሳቸው ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ድምፅ ማጉያው ነበር። ያኔ ገባኝ። በየጠዋቱ ከማዶ የሚጠሩኝ የእኔን ድምፅ፣ የእኔን ሞተር ሰምተው ኖሯል።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ወደ እኔ ብታመጪው መንገዱ ይጣመማል?»

«አይጣመምም አባባ። እንዲያውም መጀመሪያ የተሰመረው በእርስዎ በኩል ነበር። የሰፈሩ ኮሚቴ ነው ሽማግሌ ማንሳት ነውር ነው ብሎ ያስቀየረው።»

«ታዲያ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ቦንሳም።

«ሐሙስ ዕለት ግን አንድ ሰው ጠይቆኛል» አሉ። «የሚፈርሰው የእርስዎ ቤት ቢሆን ይመርቁ ነበር ወይ ብሎ። መልሴን ሳይሰማ ቸኩሎ ሄደ። እኔ ሳላይ በሰው ቤት ላይ አሜን አስብያለሁ፤ ይህ በእኔ ዕድሜ አያምርም። ወፍጮው ባለበት ይቆይ። መስመሩ ወደ እኔ ይምጣ።»

ስሜን አልጠሩም። ቢጠሩኝ ይሻለኝ ነበር። ግማሽ ከእኔ ግማሽ ከእሳቸው ይሁን፣ የፊቱን ክፍል አፍርሼ ሞተሩን ወደ ጓሮ አስገባለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ይህን ከሐሙስ በፊት ማሰብ ነበረብኝ፤ ንዴት መቼ አሳሰበኝ። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ» ስል እሳቸው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለት እጃቸውን አንስተዋል። ማንም አልለመናቸውም። አዳራሹ ሙሉ መዳፍ ተዘረጋ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«መንገዱ የሰላም ይሁን» አሉ።

አሜን ተባለ።

«ልጆቻችሁ ይመላለሱበት። ለጥል አትውጡበት።»

አሜን።

«የቀለሟ ወፍጮ እህል አይጉደልበት።»

አሜን አለ ሰዉ ሁሉ። እኔ መዳፌን ጉልበቴ ላይ ዘርግቻለሁ፣ አፌም ተከፍቷል፣ ድምፁ ግን የለም። ያ ጥድ፣ ያ አግዳሚ፣ ሰው ሳያስቸግሩ በዳበሳ የሚያውቁት ግቢ ነው ዓይኔ ላይ የመጣብኝ። የፈለግሁትን ሁሉ ሰጥተውኛል፤ ይህን አሜን ካልኩ ግን ቤታቸውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ገብረ መድህን እጃቸውን አላወረዱም። ጆሯቸውን ወደ ሰዉ ዘንበል አድርገው ቆዩ። ከሁሉ በላይ የሚሰማው ድምፅ እንደጎደለ አውቀዋል።

«የቀለሟ ወፍጮ እህል አይጉደልበት» አሉ፣ ደግመው።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።