የውሰት ዝንባሌ

ከዊንጌት ታክሲ ማቆሚያ ጀርባ፣ ከፍራሽ መሸጫው በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የዲዛይን ድርጅት አራት ሰው፣ አምስት ወንበርና አንድ ድረ ገጽ ነበረው። ድረ ገጹ ከቢሮው በብዙ ያምር ነበር። ባለቤቱ ኤልሮኢ አንድ ሰኞ ሁሉንም ሰበሰባቸውና "ዘንድሮ ደንበኛ የሚገዛው ሥራ አይደለም፤ ሰው ነው" አላቸው። ስለዚህ "እኛ ማን ነን" የሚል ገጽ ይከፈታል፤ የእያንዳንዱ ፎቶ ይለጠፋል፤ ከሥሩም የትርፍ ጊዜ ዝንባሌው ይጻፋል። ፎቶው የሚነሣው ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ነው።

"ዝንባሌ የሌለውስ?" አለ ደንበኞችን የሚያነጋግረው ሙንዲር።

"ይፈጠርለታላ!"

ተፈጠረለትም። ከጉልበቱ በላይ በደረሰ ውኃ ውስጥ ቆሞ የማያውቀው ሙንዲር ዋናተኛ ሆነ። የቢሮውን ደረጃ ሲወጣ ሁለት ጊዜ የሚያርፈው ቤዛብሕ ተራራ ወጪ ተባለ።

ቶይባ ግን እውነተኛ ዝንባሌ ነበራት። እሑድ እሑድ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ትወጣለች፤ አንድ ተክል ትመርጣለች፤ ቅጠሉን በሚሊ ሜትር ትለካለች፤ ትሥለዋለች፤ ቀኑን ትጽፍበታለች። ዘጠኝ ደብተር ሞልታለች። ቢሮ ውስጥ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የሠርግ ካርድና የሆቴል ምረቃ ባነር ስትሠራ ኖራለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሥዕሎቿ አንዱ ከነስሟ ታትሞ ሰው እጅ እንዲገባ። ኤልሮኢ "የተክል ሥራ የመጣ ቀን ያንቺ ነው" ካላት ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። እሷ ቆጥራለች፤ እሱ ረስቷል።

ቅዳሜ ተራራ ወጪው እንጦጦን በሚኒባስ ወጣ። ኤልሮኢ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት አሳትሞ ስለነበር ጋዜጣዊ መግለጫ ሊሰጡ የመጡ የእግር ኳስ ተጠባባቂዎች መሰሉ። ለዋናተኛው ውኃ ስላልተገኘ የዋና መነጽር ግንባሩ ላይ አድርገው አነሡት።

"ቶይብዬ፣ እስቲ ያን ደብተርሽን" አለ ኤልሮኢ። "ለፎቶ ብቻ።"

"ሥዕሉ ላይ እጅህን እንዳታሳርፍ።"

"አንቺ ደግሞ! ቅጠል እኮ ነው፤ የቤት ካርታ አደረግሽው።"

ኤልሮኢ ደብተሩን ተቀብሎ ባሕር ዛፍ ተደገፈ፤ እርሳሱን ገጹ ላይ አሳረፈ፤ ዓይኑን አጥብቦ ሩቅ አየ። ቶይባ ታዘበችው። የሚሥል ሰው የሚያየው ሩቅ ሳይሆን ቅርብ ነው። ካለቀ ሥዕል ላይም እርሳስ አያሳርፍም። ሰው ያልበላውን ሲያገሳ ማየት አዲስ ነገር ባይሆንባትም፣ በራሷ ደብተር ሲሆን የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰኞ ገጹ ተከፈተ። "ኤልሮኢ፦ የእጽዋት ሥዕል። ቅጠል ያልሣልኩበት ቀን እንደ ባከነ እቆጥረዋለሁ" ይላል። ከሥሩ "ቶይባ፦ ማንበብ።"

"ማንበብ?" አለች።

"ሁለት ሰው አንድ ዝንባሌ ከያዘ ገጹ ይደብራል። ለብራንዱ ስትይ ዋጪው በቃ። ማንበብ ደግሞ ምን ያሳፍራል?"

"ምን ሳነብ ነው የምኖረው?"

"ማን ይጠይቅሻል!"

በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ደሳለች መጡ። ከሰሜን ሸዋ ደጋ ጦስኝ እያስለቀሙ በካርቶን ሻይ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የቀድሞው ዲዛይን ሠሪያቸው ካርቶኑ ላይ የሌላ ተክል ሥዕል አትሞ የገበያ መሣቂያ አድርጓቸው ነበርና አዲስ ካርቶን ሊያሠሩ ነው የመጡት።

"ገጻችሁን የልጅ ልጄ አሳየችኝ" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "ተክል የሚሥለው የትኛው ነው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ" አለ ኤልሮኢ። ቶይባን አላያትም።

"ጎሽ።" ከቦርሳቸው አፋቸው የታሰረ ሁለት ነጭ ላስቲኮች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በየላስቲኩ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ይታያል። "አንዱ ጦስኝ ነው። አንዱ ነጋዴ የሚቀላቅልብኝ ነው። የእኔ የትኛው ነው?"

ኤልሮኢ ላስቲኩን ሊፈታ እጁን ሰደደ።

"እንዳታሸትተው! ካርቶን ላይ ሽታ አይታተምም። በዓይንህ።"

ቶይባ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና ለይታ ጨርሳለች። የጦስኝ አበባ ጫፉ ላይ አንድ ላይ ይታጨቃል። የሌላኛው በየቅጠሉ ብብት ተበታትኖ ይወጣል። ለሚያይ ሰው አህያና በቅሎ ናቸው።

"እ... ማለቴ፣ ጦስኝ እንደ ብርሃኑ ነው..." አለ ኤልሮኢ።

ሙንዲር ለመርዳት ብሎ ተነሣና መጋረጃውን ገለጠው። ብርሃን ቢሮውን ሞላው። ኤልሮኢ ሙንዲርን ሊበላው የደረሰ ይመስል አየው፤ ከዚያ ጣቱን ቀሰረ።

"ይሄ። ለምለሙ።"

"እንዳንተ ያለ ገዢ ባይኖርማ ማን ይቀላቅልብኝ ነበር" አሉ ወይዘሮ ደሳለች። ወደ ቶይባ ዞሩ። "አንቺስ፣ ልጄ? አንገትሽን ስታሰግጊ አይቼሻለሁ። ታውቂዋለሽ?"

ካርቶኑ ያኔ ቅርብ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀራት። አፏን ከፈተች።

"ንገሪያቸው፣ ቶይብዬ" አለ ኤልሮኢ፣ ወንበሩ ላይ ደላደል ብሎ። "ያስተማርኩሽን።"

አፏ ተመልሶ ገጠመ።

"የእኔ ዝንባሌ ማንበብ ነው፣ እማማ" አለች። "ገጹ ላይ ተጽፏል።"

ወይዘሮ ደሳለች ሁለቱንም በየተራ ገረመሟቸው።

"እሱስ አያውቅም" አሉ። "አንቺ እያወቅሽ ነው። የትኛችሁ እንደምትብሱ እንጃ።"

እውነተኛውን ጦስኝ ይዘው፣ ሌላኛውን እዚያው ትተው ወጡ። የቶይባ ደስታ የሴትዮዋ ጫማ ሁለተኛው ፎቅ እስኪደርስ ቆየ። ከዚያ በታች የሚወርደው ካርቶኑ ነበር፤ ስሟም ሥዕሏም አብረውት። ተነሥታ ልትከተላቸው ወንበሯን ገፋ አደረገች። አልተነሣችም።

"ገደልሽን!" አለ ኤልሮኢ። "አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትናገሪ ምን ነበረበት?"

"እኔ እንኳን ተራራ ወጣሁላችሁ" አለ ቤዛብሕ።

ቶይባ የቀረውን ላስቲክ ወደ ራሷ ሳበች። ጦስኝን ስንት ጊዜ ሥላዋለች፤ ይህን ግን በመንገድ ዳር ከማየት አልፋ ሥላው አታውቅም። ቋጠሮውን ፈታች፤ ቅርንጫፉን ነጭ ወረቀት ላይ አስተኛች፤ አሥረኛውን ደብተር ከፍታ ቀኑን ጻፈች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ማስመሪያውን ወደ ቅጠሉ አስጠጋች። ሰባት ሚሊ ሜትር።

"እያነበብኩ" አለች።