ሙች ስልሽ

አፌ አያርፍም። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ ምዬ ነው የምመልሰው፤ "ሙች ስልሽ ደህና ነኝ!" ቢሮ ውስጥ በዚህ ይስቁብኛል። ሶሬቲ ከነቀምት መጥታ ሲግናል ሰፈር ያለው ማተሚያ ቤታችን የተቀጠረች ሰሞን፣ "ሙች ስልሽ ቀሚስሽ ያምራል" ብላት ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ምን አድርጌሽ ነው ሙች የምትዪኝ?"

"አቦ ፋራ አትሁኚ! 'እውነቴን ነው' ማለት እኮ ነው። ውሸቴን ከሆነ አንቺን ያሳጣኝ፣ በቃ።"

"ታዲያ አንቺ ዋሽተሽ የምሞተው ለምን እኔ ነኝ?"

ሳቅኩባት። ከዚያ ወዲህ ጓደኛ ሆንን፣ እሷም ለመደችው። ወሬዬን ካላመነች "ሙች በይኝ" ትለኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ በእግራችን ወጣን። ከባድ ጉም ነበር። ማርያምን አልፈን ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ እጄን ይዛ አስቆመችኝ።

"ናዝራዊት፣ ሥራ ልለቅ ማሰቤን ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት። አቶ በርናባስ እንዴት አወቁ?"

አቶ በርናባስ አለቃችን ናቸው። ለሶሬቲ ታስቦ የነበረውን የኃላፊነት ቦታ ለእኔ የሰጡኝ በዚያው ሳምንት ነው።

"እኔ ምን አውቄ? ሙች ስልሽ፣ ትንፍሽ አላልኩም!"

"እሺ" አለ አንድ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ።

የሶሬቲ ድምፅ ነበር። ሶሬቲ ግን አጠገቤ አፏን ገጥማ ቆማለች።

"ሙድ አትያዢብኝ" አልኳት።

"እኔ አልተናገርኩም" አለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። እጇ እጄ ውስጥ እያለ ቀዘቀዘ፤ የቧንቧ ውኃ የያዝኩ መሰለኝ። "እንቅልፌ መጣ" ብላ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ማዶ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ ሰማሁ። አረማመዱ የራሷ ነው፤ ቶሎ ቶሎ፣ አጭር አጭር እርምጃ። እየራቀ ነበር።

ጮህኩ። ከማርያም በታች ድንች የሚያለሙ ሽማግሌ መቆፈሪያቸውን እንደያዙ መጡ። ግንባሯን ዳሰሱና ምን አመማት ብለው እንኳ አልጠየቁም።

"ማን ነው የማለባት?" አሉ።

"እኔ ነኝ። ግን የአፍ ልማድ ነው፣ አባባ። ሁሉም ሰው የሚለው ነው።"

"ልማዱ ላንቺ ነው። የሚሰማው ልማድሽን በምን ያውቃል? በእውነት ነው የማልሽው በሐሰት?"

መሬት መሬቱን አየሁ።

"እንግዲያው ሳትርቅ እውነቱን ንገሪያት" አሉኝ። የሚያዩት ሶሬቲን አልነበረም፤ ጉሙን ነበር።

ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አፈርኩ፤ ጓደኛዬ እየሞተች ማፈሬ ዛሬም ያናድደኛል።

"እኔ ነኝ የነገርኳቸው!" አልኩ። "ቦታውን ፈልጌው ነው። ልትለቅ ነው፣ ለሷ አትስጧት አልኳቸው።"

ኮቴው ቆመ። ከዚያ ተመለሰ፤ ቅጠሉ እየተንኮሻኮሸ ቀረበ፣ ቀረበ፣ እግራችን ሥር ሲደርስ ጠፋ። የሶሬቲ ጣቶች ሞቁ። ሽማግሌው አማትበው ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

ሶሬቲ ተነስታ ሱሪዋን አራገፈች። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም።

"ሌላስ? የደበቅሽኝ ሌላ ነገር አለ?"

"የለም።"

"ሙች በይኝ።"

እውነቴን ነበር፤ የደበቅኳት ያንን ብቻ ነው። ግን እንደኔ ያለ አፍ ሲቀባጥር የከረመውን ሁሉ በምን ያስታውሳል? የረሳኋት አንዲት ውሸት ብትኖርስ? ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ። ጥርሴን ነክሼ ዋጥኩት።

"ሌላም እንዳለ አወቅኩ" አለችና ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች።

ሰኞ ጠዋት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስትሠራ አየኋት፤ ፊቷ ወዝ አለው። ሰላም አላለችኝም። እኔም መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ቃሉን በመዋጤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።