የሠርጉ ሙስታንግ

«ይጫኑ!»

«ተጫንኩ።»

«ያዙት... ያዙት... አሁን ይልቀቁ።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል እግራቸውን ከፍሬኑ ፔዳል ላይ አነሱ። ለሠርጉ የለበሱት ቀሚስ እንዳይቆሽሽ ወንበሩ ላይ ፌስታል አንጥፈዋል፤ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። የልጅ ልጃቸው ዮሲ ከኋላ ጎማው ሥር ተንጋሎ ትንሽ ብሎን እየከፈተና እየዘጋ የፍሬኑ ቧንቧ ውስጥ የገባውን አየር እያስወጣ ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታለች። ለእሳቸው ክሪክ ማለት እስኪከዳ ድረስ ብቻ የሚታመን ነገር ነው።

እዚህ ሮም፣ ከቤታቸው ሥር ካለው ምድር ቤት ጋራዥ የወረዱት ሊያጣድፉት ነበር። እህቱ ቅሳነት ዛሬ ታገባለች። ቬሏን ለብሳ ላይ ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ቤተ ክርስቲያን በዚህች መኪና እኔው ራሴ አደርስሻለሁ ብሎ ቃል የገባላት ዮሲ ነው። ሁልጊዜ ፔዳል የሚጫንለት ጓደኛው ደበሳይ ወደ አዳራሹ ወንበር ሊያመላልስ ሄዷል። «አሎራ፣ ኖና፣ አምስት ደቂቃ እግርዎን ያውሱኝ» አላቸው፣ እንደ ሁልጊዜው አያቱን በጣልያንኛ ጠርቶ፤ እንዴት እምቢ ይበሉ?

ዮሲ መኪናዋን ከሮም ውጭ ካለ የገበሬ ጎተራ ሲገዛት ዶሮ ወንበሯ ላይ እንቁላል ትጥልባት ነበር። የስልሳ ዘጠኝ ሞዴል ሙስታንግ፣ አሜሪካ ሠራሽ፣ ስምንት ሲሊንደር። ዮሲ ቀን ካሮዜሪያ በሚሉት ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ገላ ሲያቃና ይውላል፤ ማታ የራሱን ይዞ ቁጭ። ዝገቱን ፋቀ፣ ወለሏን በየደ፣ ቀይ ቀባት። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም በየደረጃው ፈሩ። ሞተሩ በሰንሰለት ሲንጠለጠል ይወድቅበታል አሉ። ሲበይድ ቤንዚኑ ይያዛል አሉ። አንዱም አልሆነ። ቤተሰቡ እንግዲህ «ኖና ፈሩ» ሲባል «ፀሐይ ወጣች» እንደማለት ቆጥሮ ይስቃል።

«ይጫኑ!» አለ ዮሲ።

ተጫኑ። ፔዳሉ መጀመሪያ ጠነከረ፤ ከዚያ እርጥብ አፈር እንደረገጡ ሁሉ ከእግራቸው ሥር ቀስ እያለ መስጠም ጀመረ።

«ከፈትከው እንዴ ያን ብሎን?»

«ገና ነኝ፣ ኖና።»

«ታዲያ ምን ያወርደዋል?»

«እግርዎ ተንሸራቶ ነው።»

እግራቸውን አዩ። አልተንሸራተተም። ግን ጉልበታቸውንም ያውቁታል፤ ደረጃ ላይ ስንት ጊዜ ከድቷቸዋል። ፍርሃታቸውንም ያውቁታል፤ እሱ ደግሞ ስንት ጊዜ ዋሽቷቸዋል። ቀኙን አንሥተው በግራው ተጫኑ። ያው ነው። ይጠነክራል፣ ከዚያ ይሰጥማል።

«ዮሲዬ፣ በእመብርሃን፣ ይኼ ነገር ደህና አይደለም።»

ዮሲ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ትናንት የፍሬኑ ፖምፓ ተበላሽቶበት፣ ከሌላ አሮጌ መኪና የተፈታ አምጥቶ በጥድፊያ ገጥሞ ነበር። በሩን ከፍቶ እጁን ሰዶ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መታ መታ አደረገው።

«ይኸው! ድንጋይ ነው። ይንኩት።»

«እንደሱ አይደለም። ረግጠህ ያዘው። ሴማፎሮ ላይ ቀይ በርቶብህ ቆመህ እንደምትጠብቀው አድርገህ ያዘው።»

«ኖና፣ ሙሽራዋ እየጠበቀች ነው! ክሪኩ ይፈነዳል አሉ፣ ዝም አልኩ። ቀለሙ ሳንባህን ይበላዋል አሉ፣ ዝም አልኩ። ዛሬን ብቻ ይተዉኝ። ይውረዱልኝ።»

ወረዱ። መኪናዋን ከክሪክ አወረደ፣ ሸሚዙን ቀየረ፣ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሲያጓራ የጋራዡ ግድግዳ ተንቀጠቀጠ።  ለወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቅሳነት ከነቬሏ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየቻቸው፤ ቪያ ካዚሊና ጎዳና ላይ ቀይ መብራት፣ የሚሻገር ሕዝብ፣ ከእግሩ ሥር የሚሰጥም ፔዳል።

መቼ እንደተራመዱ አያውቁም። ራሳቸውን ያገኙት መኪናዋ ፊት ለፊት፣ መውጫውን ዘግተው ቆመው ነው።

ዮሲ ማርሹን አስገብቶ ነበር፤ መኪናዋ አውቶማቲክ ናትና ነዳጅ ባይረግጡላትም ወደፊት ትሳባለች። በድንጋጤ ፍሬኑን ረገጠና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ኖና! አብደዋል? ዞር ይበሉ!»

«ፍሬንህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው አልኩ!»

«እንግዲያው እንደረገጥከው ቆይ። እግርህን እንዳታነሣ። አባታችን ሆይ እስክጨርስ ካልተነቃነቅህ እለቅሃለሁ፤ ሁለተኛም አፌን አልከፍትም።»

«ማዶና! እሺ፣ ቶሎ ይበሉ!»

«ሞቼ ነው የጌታን ጸሎት በጥድፊያ የምለው!» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ጀመሩ። «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር...»

መኪናዋ ቆማለች። የሞተሩ ትኩሳት ቀሚሳቸውን ያወዛውዘዋል።

«ስምህ ይቀደስ፤ መንግሥትህ ትምጣ...»

አሁንም ቆማለች። ዮሲ ቅንድቡን ሰቅሎ «አዩ?» በሚል ዓይን ያያቸዋል። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አፈሩ። የልጅ ሠርግ የሚያውክ አሮጊት፣ ምን ይሉኛል?

«የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ...»

የዮሲ ቅንድብ ወረደ። ወደ እግሩ ሲያይ አዩት። ትከሻው ወደፊት ሄደ፤ ባለ በሌለ ኃይሉ እየረገጠ ነው። ቀዩ አፍንጫ ግን በዝግታ፣ እንደ ከብት እየተሳበ ወደ እሳቸው መጣ።

«ኖና፣ ይሽሹ!»

መሸሹን እሳቸውም ፈልገው ነበር። ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። የብረቱ ከንፈር ቀሚሳቸውን ነካ፣ ገፋ፤ ቅዝቃዜው ጭናቸው ላይ ተሰማቸው። «ወደ ፈተና አታግባን» አሉ።

ዮሲ ማርሹን ወደ ማቆሚያው መለሰው። አንድ ነገር ከሥር ቀጭ አለ። መኪናዋ ተወራጭታ ቆመች፤ ሞተሩ ጠፋ።

 ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሮጦ መጣና ክንዳቸውን፣ ትከሻቸውን፣ እጃቸውን ዳበሰ።

«ወለሉን ነካ» አለ። «ፔዳሉ ወለሉን ነካ፣ ኖና።»

«አይዞህ። ደህና ነኝ፣ አይዞህ።»

ስልኩ ጮኸ። ቅሳነት ናት። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቀድመው ነጠቁት። «ልጄ፣ በሱ አትቆጪ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት፤ ፈርቼ፣ ታውቂኝ የለ...»

«ኖና፣ ዛሬም? በሠርጌ ቀን?» ጩኸቷ ጋራዡን ሞላው።

ዮሲ ስልኩን ቀስ ብሎ ከእጃቸው ወሰደ።

«እሳቸው አይደሉም» አላት። «ፍሬን የለኝም። ደህና ነው ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ኖና ናቸው ያገኙት። ታክሲ ጥሪ... አዎ፣ አውቃለሁ። ልክ ነሽ፣ ስደቢኝ።» ረጅም ስድቧን እስከ መጨረሻው ሰማ።

ስልኩን ዘግቶ ቀዩዋን መኪና ለአፍታ አያት። ከዚያ ክንዱን ለአያቱ ሰጥቶ ከጋራዡ የሚያወጣውን ዳገት ያዙ።

«ቀስ ይበሉ፣ ኖና። እግርዎ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«የምን ቀስ!» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። «ታክሲው ጥሎን ሊሄድ ነው፣ ተራመድ እንጂ!»